ፕላኔት ሲወረር፦ ለስፔስ ኦፔራ ጸሐፊዎች ከምህዋር እስከ መሬት

በስፔስ ኦፔራ፣ ማለትም በጠፈር ላይ በሚካሄድ የጀብዱ ልብ ወለድ፣ ውስጥ የፕላኔት ወረራ ምዕራፍ የሚከሽፈው ፍንዳታ ስላነሰው አይደለም። ሰማዩ በመርከብ ይሞላል፣ ወታደር ይዘንባል፣ ከተማ ይነዳል፤ አንባቢው ግን ማን ምን ሊያጣ እንደሚችል ስላልገባው ገጹን እየዘለለ ያልፋል። መድኃኒቱ ክብደትና ሰዓት ነው። ስንት ቶን ወረደ? በስንት ሰዓት? የወረደውስ ተመልሶ መውጣት ይችላል? እነዚህን አስቀድሞ የመለሰ ጸሐፊ ለገጸ ባሕሪዎቹ ከባድ ምርጫ ለመፍጠር አይቸገርም፤ ምርጫው ከሒሳቡ ውስጥ ራሱ ይወጣል።

እስከ መጨረሻው አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ተወራሪዋ ፕላኔት በመጠንም በስበትም ምድርን የምታክል፣ ቀኗ 24 ሰዓት፣ ሕዝቧ 5 ሚሊዮን ናት። ወራሪው ከኮከብ ወደ ኮከብ በምን እንደሚጓዝ የእናንተ ፈጠራ ነው። ፈጠራው ግን ወሰን ይኑረው፦ ጦሩን እስከ ፕላኔቷ ደጃፍ ያድርስ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ለስበትና ለነዳጅ ይተው። መውረጃ መንኮራኩሮቹ እኛ በምናውቀው በሃይድሮጅንና በኦክስጅን የሚሠሩ ናቸው እንበል።

ለምን ይወርዳሉ?

ከሰማይ ሆኖ ከተማ ማጥፋት የሚችል ጦር እግረኛ የሚያወርድበት ምክንያት ያሻዋል። ውኃ ፍለጋ መጣ ማለት አያሳምንም። ከፀሐያቸው ርቀው በሚዞሩ ጨረቃዎችና ጅራታም ኮከቦች ላይ በረዶ ሞልቷል፤ ስበታቸው ደካማ ስለሆነ ለማንሳትም ይቀላል። ብረትም በአስትሮይዶች ላይ አለ። የሚያሳምነው ቦምብ ሊያበላሸው የሚችል ነገር ነው፦ ሙያ ያላቸው ሰዎች፣ የተያዘ ምርኮኛ፣ ፊርማው ካልተገኘ ሌሎች የማይገዙለት መንግሥት፣ አንድ ፋብሪካ። ዒላማው ቢቃጠል ወራሪው ይጠቀማል ወይስ ይከስራል ብላችሁ ጠይቁ። የሚጠቀም ከሆነ የምትጽፉት ጭፍጨፋ ነው፤ እሱ ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ይፈልጋል።

በምሳሌያችን ዒላማው በባሕር ጠረፍ ላይ ያለች አንዲት የወደብ ከተማ ናት። የመንኮራኩር ማረፊያ ሜዳ፣ ውኃን ወደ ሮኬት ነዳጅ የሚቀይር ማምረቻና የኃይል ማመንጫ ጣቢያ አላት። ይህች ከተማ ለምን እንደተመረጠች ስንቅና ትጥቁ ላይ ስንደርስ ግልጽ ይሆናል።

ጉዞው ይታያል

ጠፈር መደበቂያ የለውም። የጀርባው ሰማይ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ሰው የሚኖርበት መርከብ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ሙቀት አለው። ሞተሩ ሲነሳማ ከሩቅ ይለያል። ስለዚህ «ጦሩ በድንገት ከሰማይ ታየ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር መጠቀም የምትችሉት በእርግጥ ቅጽበታዊ ጉዞ የሚፈጥር ቴክኖሎጂ ከሰጣችሁት ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ከፕላኔቷ ራቅ ብሎ እንዲያበቃ አድርጉት፤ የመቃረቢያው ጊዜ ከጠፋ የተከላካዩ ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

የጉዞውን ጊዜ ለማግኘት ርቀቱን በሜትር ውሰዱ፣ በሰከንድ ስንት እንደሚፈጥን በሚለካው ቁጥር (ለ1 ጂ፣ ማለትም የምድርን ስበት ለሚያክል፣ 9.8) አካፍሉት፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት አውጡ፣ በ2 አባዙት። መልሱ በሰከንድ ይመጣል። ይህ መርከቡ ግማሹን መንገድ እየፈጠነ፣ ከዚያ ተገልብጦ ግማሹን ፍጥነት እየቀነሰ ለሚሄድበት ጉዞ ነው። ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ያህል፣ ማለትም 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ1 ጂ ለማቋረጥ 69 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ0.1 ጂ 9 ቀን ይሆናል።

ብዙ ረቂቆች ላይ የሚቀረው ፍሬኑ ነው። በ1 ጂ የሚጓዘው መርከብ መንገዱ አጋማሽ ላይ በሰከንድ 1,200 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከደረሰ መላዋን ፕላኔት ከዳር እስከ ዳር ለማለፍ 10 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው የሚፈጅበት፤ ማረፍ ቀርቶ በወጉ ማነጣጠርም አይችልም።

የመገልበጫው ቅጽበት ለልብ ወለድ እጅግ ይመቻል። ታዛቢ ጣቢያው ላይ ያለችው ተረኛ የመርከቦቹ የብርሃን ነጥብ ሲጠፋ ታያለች፤ ጥቂት ቆይቶ ይበራል፣ አሁን ግን ነበልባሉ ወደ እሷ ስለዞረ በርትቶ ነው። የምታየውም ከ4 ደቂቃ በፊት የሆነውን ነው፤ ከ75 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ብርሃን የሚደርሰው በዚያ ጊዜ ነውና። መርከቦቹ ወዴት እንደሚያመሩ በዚህች ቅጽበት ይረጋገጣል። የቀረው 34 ሰዓት ነው። በእነዚያ ሰዓታት ተከላካዩ የነዳጅ ገንዳዎቹን ያፈሳል፣ ሚሳይሎቹን ወደ ዋሻ ያስገባል፣ ማረፊያ ሜዳው ላይ ፈንጂ ይቀብራል፣ ከማምረቻው ወሳኝ የሆነውን ክፍል ነቅሎ ይደብቃል። እነዚህን ትዕይንቶች አትዝለሉ። አንባቢው ከተማዋን የሚያውቃት ሰዎቿ ሲሸክፉባት ነው፤ የማያውቃት ከተማ ስትወድቅ አያዝንም።

መርከቦቹ ሞተራቸውን አጥፍተው ወራት የሚንሳፈፉ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ክብደት አልባ በሆነ ቦታ የሰውነትን ጫና የሚሸከሙ አጥንቶች በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያህል ጥግግታቸውን ያጣሉ፤ የሰውነት ሚዛንም ይዛባል። እንዲህ የቆየ ወታደር በሩ እንደተከፈተ ሮጦ አይዋጋም። መፍትሔ ከፈለጋችሁ መርከቡ ይሽከርከር፦ በደቂቃ 2 ጊዜ እየዞረ 1 ጂ ለመስጠት ራዲየሱ 224 ሜትር መሆን አለበት።

ምህዋር የሚሰጠውና የሚነፍገው

ሰማዩን የያዘ ሁሉን ይዟል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞር መርከብ በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል፣ ዙሩንም በ92 ደቂቃ ይጨርሳል። አንድ መሬት ላይ የቆመ ሰው ግን ቢበዛ ለ10 ደቂቃ ያህል ነው የሚያየው፤ ከዚያ ከአድማስ በታች ይወርዳል። አንድ የምህዋር ቀለበት ላይ 10 መርከቦች በእኩል ርቀት ቢደረደሩ ክፍተቱ ይዘጋል፤ ይሁን እንጂ ፕላኔቷ ከሥር ትዞራለች፣ በየዙሩ 23 ዲግሪ ያህል ትሸሻለች። ዒላማው ከምድር ወገብ ርቆ ከሆነ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ከቀለበቱ ሥር ይወጣል። ሌት ተቀን ከላዩ ላለመጥፋት በተለያየ አቅጣጫ የሚዞሩ በርካታ ቀለበቶች፣ ማለትም በደርዘን የሚቆጠሩ መርከቦች ያስፈልጋሉ።

ከፍ ብሎ በ35,786 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በምድር ወገብ አናት የሚዞር መርከብ አንድን ቦታ ሳያቋርጥ ያያል። ከዚያ የተለቀቀ ተወንጫፊ ግን በራሱ ሞተር ካልተገፋ ለመድረስ ከ5 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ወራሪው ወይ ቀርቦ እየተመላለሰ ይመታል፣ ወይ ርቆ ያለማቋረጥ ያያል። ሁለቱን ከፋፍሎ እንዲሠራ አድርጉት፣ ከዚያም ክፍተቱን ለተከላካዩ ስጡት። ዋሻው በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ ይኑር፦ 04፡12 ይወጣል፣ 04፡22 ይገባል፣ ቀጣዩ 05፡44። በመካከል መድፎቹ ይወጣሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ይመለሳሉ። ወራሪው አንድ መርከብ ምህዋሩን ቢቀይር ሰሌዳው ይሳሳታል፤ የሚሞቱትም በዚያ ስህተት ነው።

ከሰማይ ስለሚወረወር የብረት ዘንግ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ይጋነናል። በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር የሚሄድ 1 ኪሎ ግራም 30 ሜጋጁል ኃይል ይይዛል፤ ይህ 7 ኪሎ ግራም የቲኤንቲ ፈንጂ ማለት ነው። የ100 ኪሎው ዘንግ 700 ኪሎ ቲኤንቲ ገደማ ቢሆን ነው፣ አየሩ የሚበላው ሲቀነስ ያንሳል። ምሽግ ይሰብራል፣ ድልድይ ይጥላል፣ ከተማን ግን እንደ ኑክሌር ቦምብ አይጠርግም። ከተማ የሚጠርግ ድንጋይ ከፈለጋችሁ አስትሮይድ ገፍታችሁ ማምጣት ትችላላችሁ፤ ያኔ ማምረቻውም አብሮ ይሄዳል።

የምህዋር ውጊያ የሚያስከትለው ፍርስራሽ ደግሞ በአብዛኛው ይረሳል። እ.ኤ.አ. ጥር 2007 ቻይና 865 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረ የራሷን አንድ የአየር ሁኔታ ሳተላይት በሚሳይል ስትመታ ከ3,000 በላይ በራዳር ሊከተሉት የሚቻል ስብርባሪ ተፈጠረ። ይህ ከአንድ ሳተላይት ነው። 20 መርከቦች የተሰባበሩበት ምህዋር ለአሸናፊውም አይመችም፤ የመውረጃ መንኮራኩሮቹ መንገድ በዚያው መካከል ነው። ብልህ ተከላካይ ተሸንፎም ቢሆን ይህን ሆን ብሎ ያደርገዋል።

መውረድ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። የሰዓቱን መዋቅር ሰው ከሚያጓጉዘው ከሩሲያው ሶዩዝ መንኮራኩር መውሰድ ይቻላል፦ ፍጥነት መቀነሻው ሞተር 5 ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ይሠራል፣ ከ7.7 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ላይ 0.13 ገደማ ብቻ ይቀንሳል፤ ከዚያ ከፕላኔቷ ዙሪያ ግማሽ ያህል እየተንሸራተተ ወደ ከባቢ አየር ይገባል፤ ከሞተሩ መነሳት እስከ ማረፊያው አንድ ሰዓት አይሞላም። ወታደሩ የሚወርድበት ውሳኔ የሚወሰነው እንግዲህ ከዒላማው ተቃራኒ በሆነው የፕላኔቷ ወገን ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም።

የሚበትናቸውም ይህ ሰዓት ነው። አንዱ መንኮራኩር ሞተሩን ከሌላው 1 ሰከንድ ዘግይቶ ቢያስነሳ ማረፊያው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። 10 ሰከንድ ከሆነ 70 ኪሎ ሜትር። የሙቀት መከላከያው ተጎድቶ ወይም መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ አቅጣጫውን መምራት ካቃተው ደግሞ ይብሳል፦ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2008 ሶዩዝ ቲኤምኤ-11 ከታሰበው ቦታ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ቀድማ አረፈች፣ ተጓዦቹም 8 ጂ ገደማ ተሸከሙ። በአንድ ሻለቃ ላይ ይህ ምን እንደሚያደርግ አስቡ። አዛዡ ከተማው ዳር፣ የመድፍ ቡድኑ ከተራራ ማዶ፣ ሐኪሞቹ ባሕር ውስጥ።

አየር ውስጥ የሚገባበት ማዕዘን ጠባብ ነው። ክንፍም ሆነ ሌላ ተንሸራታች አቅም የሌለው ነገር በ6 ዲግሪ ቁልቁል ቢገባ ጫናው 16 ጂ ይደርሳል፤ በጀርባው ተኝቶ የታሰረ ጤነኛ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ይቋቋመዋል፣ ተነስቶ መዋጋቱ ግን ያጠራጥራል። እጅግ ገደላማ ባልሆነ አገባብ ሶዩዝ 4 ወይም 5 ጂ ነው የሚያሳየው። ፈጥኖ መውረድ ከአየር መቃወሚያ ያድናል፣ ሰውን ይሰብራል። አዝጋሚው ሰውን ይጠብቃል፣ ለራዳር ያጋልጣል። የጦሩ ዕቅድ አውጪ ከሁለቱ የቱን እንደመረጠ አንባቢው ይወቅ።

ሙቀቱን «ከአየር ጋር በመፋተግ» አትበሉ። በዋናነት የሚያሞቀው ከፊት ያለው አየር በድንገት ታምቆ ሲጋል ነው። መንኮራኩሮቹ ከፊት ደንደን ያሉትም ለዚህ ነው፤ ሹል አፍንጫ ያለው መውረጃ ውብ ቢመስልም የጋለውን አየር ወደ ቆዳው ያስጠጋል። በዚያ የጋለ ጋዝ ተከበው ሳሉ ሬዲዮ ለደቂቃዎች ሊቋረጥ ይችላል። ይህ ዝምታ ለሁለቱም ወገን ይሠራል፦ ውስጥ ያሉት ማን እንደቀረ አያውቁም፣ ታች ያሉት ደግሞ ከሚነድዱት ነጥቦች የትኛው ሰው እንደያዘ፣ የትኛው ባዶ ማታለያ እንደሆነ አይለዩም። ከሦስት አንዱ ብቻ ሰው ቢይዝ ተከላካዩ ሚሳይሉን በከንቱ ይጨርሳል።

የሚያስፈራው ግን እሳቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከ10 ኪሎ ሜትር በታች መንኮራኩሩ ቀርፋፋና ከባድ ነገር ነው፤ መንገዱ ይታወቃል፣ ነዳጁ ለአንድ ማረፊያ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሞተው በእነዚህ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች ይሁን። ትዕይንቱ ውስጡ ሲታይ ምን ሊመስል እንደሚችል፦

«ማሰሪያው ትከሻዋን ለቀቀ ማለት ጫናው ወርዷል ማለት ነበር። ጆሮ ማዳመጫው አሁንም ይንጫጫል። መቶ አለቃው ስም መጥራት ጀመረ፤ አራተኛው መንኮራኩር ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ጠራ፣ ቆም አለ፣ ወደ አምስተኛው አለፈ። ከፊቷ ያለው ልጅ እግሩ ሥር የወደቀውን ካርታ ለማንሳት ይሞክራል፣ እጁ ግን ገና የእሱ አልሆነም። ሞተሩ ተነሳ። ወለሉ መታቸው።»

እዚህ ፍንዳታ የለም፤ አንድ ስም ሁለት ጊዜ መጠራቱ 40 ሰው ጠፍቷል ይላል። በዚህ መጠን ጻፉት።

ጭነቱ እንዴት እንደታጨቀም ከወዲሁ ወስኑ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 1941 ቀርጤስ ላይ የዘለሉት የጀርመን አየር ወለዶች አብዛኞቹ ሽጉጥና የእጅ ቦምብ ብቻ ይዘው ነበር፤ ጠመንጃና መትረየሳቸው በተለየ ሣጥን ነበር የተጣለው። ሣጥኑ ጋ ሳይደርሱ የሞቱት ብዙ ናቸው። ሕጉ ሁለት ነው፦ አንደኛ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መጨረሻ ይጫን፣ በሩ ጋ ይሁን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ መንኮራኩር ብቻውን ቢቀር ጥቂት ቀን እንዲዋጋ ሰው፣ መሣሪያ፣ ሬዲዮ፣ ውኃና የቁስለኛ መርጃ ከሁሉም ይያዝ። ሬዲዮዎቹን በሙሉ በአንድ መንኮራኩር የጫነ መኮንን ካለ የሁለተኛው ምዕራፍ ችግራችሁ ተገኝቷል።

የሚረገጠው መሬት

ዒላማው አናት ላይ ማረፍ ራስን መግደል ነው፤ ርቆ ማረፍ ደግሞ ድንገተኝነትን ያጠፋል። እ.ኤ.አ. መስከረም 1944 የእንግሊዝ አየር ወለዶች የአርንሄምን ድልድይ ለመያዝ ሲዘልሉ ማረፊያቸው ከድልድዩ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር። በእግር እስኪደርሱ ጀርመኖች መንገዱን ዘጉ፤ ሬዲዮዎቹም በሚገባ አልሠሩም። ድልድዩ ጋ የደረሰው ትንሽ ኃይል ብቻ ነው።

የሮኬት ሞተር አፈርና ጠጠር እንደ ጥይት ይበትናል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1969 አፖሎ 12 ጨረቃ ላይ ቀድማ ካረፈችው ሰው አልባ መንኮራኩር ከሰርቬየር 3 ከ150 ሜትር በላይ ርቃ አርፋ እንኳን የበተነችው አቧራ የዚያችን መንኮራኩር ገጽታ ሸርሽሯል። አየር ባለበት ፕላኔት አቧራው ቶሎ ይቆማል፣ ከባድ መንኮራኩር የሚያስፈነጥረው ድንጋይ ግን ጎኑ ያረፈውን ይወጋል። ስለዚህ እርስ በርስ ተራርቀው ይረፉ፣ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያዎቹ ከሜዳው እስኪርቁ ይጠብቅ። ረግረግ ውስጥ የሰመጠ፣ ተዳፋት ላይ የተገለበጠ ይኑር። በሩ የተገለበጠበት ወገን ከሆነ ውስጥ ያሉት ሕያዋን ናቸው፣ ግን መውጣት አይችሉም፤ ይህ ከማንኛውም ጭራቅ ይበልጥ ያስፈራል።

ስንቅና ትጥቅ

ወረራው የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ጸሐፊዎች የሚሸሹትም ይህንኑ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ የአሜሪካ ክፍለ ጦር በቀን ከ600 እስከ 700 ቶን አቅርቦት እንደሚፈልግ ይታሰብ ነበር። በጨረር መሣሪያ የሚዋጋው ጦራችሁ ጥይት አይበላም እንበል፤ ምግብ ግን ይበላል። 100,000 ሰው በቀን 2 ኪሎ ደረቅ ስንቅ ቢመገብ 200 ቶን ነው። እያንዳንዱ መውረጃ መንኮራኩር 20 ቶን ቢጭን በቀን 10 በረራ ለምግብ ብቻ።

አሁን መመለሻውን አስሉ። ምድርን ከምታክል ፕላኔት ተነስቶ ምህዋር ለመድረስ የአየሩንና የስበቱን ኪሳራ ጨምሮ በሰከንድ 9.4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያመነጭ ግፊት ያስፈልጋል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚያቃጥል ጥሩ ሞተር ጭሱን በሰከንድ 4.4 ኪሎ ሜትር ይተፋል። በሮኬት ቀመር መሠረት መንኮራኩሩ ሲነሳ ባዶ ክብደቱን 8.5 እጥፍ መሆን አለበት። ባዶው 30 ቶን ከሆነ ነዳጁ 225 ቶን ነው። 20 ቶን ምግብ አውርዶ ለመመለስ 225 ቶን! ይህን ነዳጅ ከላይ አውርዳለሁ የሚል ጦር በቀን 10 በረራ ለማስመለስ 2,250 ቶን ያወርዳል፣ እሱን የሚያወርዱት መንኮራኩሮችም በተራቸው ነዳጅ ይፈልጋሉ። አይሆንም።

ስለዚህ ወራሪው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ መንኮራኩሮቹን እዚያው መተው ነው፤ የወረደ ሁሉ አይመለስም፣ ቁስለኛም አይወጣም፣ የመንኮራኩሮቹ ቁጥር ያለቀ ዕለት ስንቁ ያልቃል። ሁለተኛው ነዳጁን መሬት ላይ ማምረት ነው። ከ9 ኪሎ ውኃ 1 ኪሎ ሃይድሮጅንና 8 ኪሎ ኦክስጅን ይወጣል። ለአንዱ በረራ 225 ቶን ነዳጅ ውስጥ 32 ቶን ያህሉ ሃይድሮጅን ነው፤ ለዚህ 290 ቶን ገደማ ንጹሕ ውኃና፣ ለ1 ኪሎ ሃይድሮጅን 50 ኪሎዋት ሰዓት ብናስብ፣ 1.6 ጊጋዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። በቀን ለ10 በረራ ሌት ተቀን የማይቋረጥ 670 ሜጋዋት ማለት ነው፣ ሃይድሮጅኑን እስከ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ የሚያቀዘቅዘውን ሳንቆጥር።

ያቺ የወደብ ከተማ የተመረጠችው ለዚህ ነው። ወራሪው ማምረቻውን፣ ማመንጫውን፣ በመካከላቸው ያለውን የኤሌክትሪክ መስመርና የንጹሕ ውኃ ቧንቧውን አንድ ላይ፣ ሳይሰበሩ መያዝ አለበት። ከአራቱ አንዱ ከጠፋ ሦስቱ ዋጋ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1944 የሆነው ይህን ያስረዳል፦ ተባባሪ ኃይሎቹ የአንትወርፕን ወደብ መስከረም 4 ቀን ከነክሬኑ ያዙ፤ ወደ ወደቡ የሚያስገባው የስኸልት ወንዝ አፍ ግን በጀርመኖች እጅ ስለነበር የመጀመሪያው የመርከብ ጓድ የገባው ኅዳር 28 ነው። ወደብ ያዘ ማለት ወደቡ ሠራ ማለት አይደለም።

ለተከላካዩ አእምሮ ስጡት

መርከብ የሌለው ተከላካይ ሜዳ ላይ ተሰልፎ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1945 አሜሪካኖች ኦኪናዋ ሲያርፉ ጠረፉ ላይ የጠበቃቸው ተቃውሞ እምብዛም ነበር፤ ጃፓኖች ወደ ደቡብ ኮረብታዎችና ዋሻዎች ገብተው ነበር፤ ውጊያው እስከ ሰኔ ቆየ። በፈረንሳይ የወደብ ከተማ ሸርቡርግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1944 ጀርመኖች ከመማረካቸው በፊት ወደቡን እንዳይሠራ አድርገው አፈረሱት። የእናንተም ተከላካይ ሁለቱን ያጣምር፦ ማረፊያውን ይልቀቅ፣ ጥቅሙን ይንፈግ። አንድ መሐንዲስ ከማምረቻው የነቀለችው፣ በሻንጣ የሚገባ ክፍል 100,000 ወታደር ማስራብ ይችላል። እሷን መፈለግ ለቀጣዮቹ አምስት ምዕራፎች የሚበቃ ታሪክ ነው፣ ፊዚክሱም ከጎናችሁ ነው።

ለተሳሳተ ውሳኔም ቦታ ይኑር። ቀርጤስ ላይ የማሌሜን አየር ማረፊያ ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠረውን ኮረብታ የያዙት ተከላካዮች በሌሊት ለቀው ወጡ፤ በማግሥቱ የጀርመን አውሮፕላኖች ተጨማሪ ጦር እዚያው አራገፉ። አዛዡ ሬዲዮው ስላልሠራ ወገኖቹ የተደመሰሱ መስሎት ነበር። ጅል ያልሆነ ሰው በጎደለ መረጃ ሲሳሳት አንባቢ ያምናል።

ከድሉ በኋላ ያለው ቁጥር

የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የፀረ ሽምቅ ውጊያ መመሪያ ለ1,000 ነዋሪ ከ20 እስከ 25 የጸጥታ ኃይል ይመክራል። ለ5 ሚሊዮን ሕዝብ ከ100,000 እስከ 125,000 ነው፤ የምሳሌያችን ጦር በጭንቅ ይበቃል። ሕዝቡ 1 ቢሊዮን ቢሆን 20 ሚሊዮን ያስፈልጋል። ስለዚህ ሕዝብ የበዛባትን ፕላኔት የሚገዛ ወራሪ ወይ ከነዋሪዎቹ የሚተባበሩትን ያገኛል፣ ወይ ከከተማዋ አጥር አይወጣም። የሚተባበሩትን ሰዎች ምክንያት ያላቸው አድርጋችሁ ሣሏቸው።

ገጹ ላይ ሲወርድ

ከስንት ዓይን ይታይ? ከሦስት ባይበልጥ ይሻላል፦ አንዱ ምህዋር ላይ ሆኖ ቁጥሩን የሚያይ፣ አንዱ የሚወርድ፣ አንዱ ታች የሚጠብቅ። ምህዋር ላይ ያለው ብዙ ያውቃል፣ ምንም አይነካም፤ ታች ያለችው የምትነካውን ብቻ ታውቃለች። ቁጥሮቹን ለመጀመሪያው ስጡት፣ ለሌሎቹ የቁጥሮቹን ውጤት ብቻ፦ ግማሽ የሆነ ራሽን፣ ያልመጣ በረራ፣ መብራት ሲጠፋ የቆመ ፓምፕ። ስሌቱን በሙሉ ገጹ ላይ ማፍሰስ አያስፈልግም፤ ከላይ ያለው ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከጎናችሁ ይቀመጥ፣ መጽሐፉ ውስጥ አሥር ዓረፍተ ነገር ቢገባ በቂ ነው።

ረቂቁ ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ትዕይንት የሰዓት መስመር አውጡ፦ ከመገልበጫው ስንት ሰዓት፣ የትኛው መርከብ አድማስ ላይ ነው፣ ስንት በረራ ወርዷል፣ ስንት ቀን ስንቅ ቀርቷል። ከዚያ ንግግሮቹን ፈትሹ። 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው አዛዥ ጋር የሚነጋገር መኮንን ለአንድ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከ16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው፤ ሲመላለሱ ከተገኙ ወይ አዛዡን አቅርቡት፣ ወይ መኮንኑን ትእዛዝ ሳይጠብቅ እንዲወስን ተዉት።